የደመወዝ ወለል ጥያቄ፦ ምን እየተጠየቀ ነው? ለምንስ ዘገየ?

ሚያዝያ 23 በመጣ ቁጥር የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ሳይቀየር ይደገማል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች መክፈል አይቻልም የሚል ቁጥር በሕግ ይወሰን ነው የሚለው። ጉዳዩን በቅርብ የማይከታተል ሰው ሲሰማው የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ጭማሪ ሌላ ነው፣ የደመወዝ ወለል ሌላ። ጭማሪ አንድ አሠሪ ለራሱ ሠራተኞች የሚያደርገው ነው። ወለል ግን ማንም አሠሪ፣ የትም ቦታ፣ ሠራተኛው ቢስማማ እንኳ ሊያልፈው የማይችል ድንበር ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ድንበር አለ። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማስተካከያ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,500 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር እንዲሆን ተወስኗል። ቁጥሩ ለአዲስ አበባ ቤት ኪራይ ይበቃል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ቢያንስ ግን ቁጥር አለ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በአበባ እርሻ፣ በሆቴል፣ በጥበቃ ኤጀንሲ፣ በሕንፃ ግንባታ ለሚሠራው ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ ድንበር በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ውስጥ አልተቀመጠም። አሠሪው ያቀረበውን ሠራተኛው ከፈረመ፣ ደመወዙ ያነሰ ስለሆነ ብቻ ውሉ ሕገ ወጥ አይባልም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ተስማምተው ከፈረሙ ምን ችግር አለው?» ይላል። የሠራተኛ ሕግ በዓለም ላይ የተወለደው ግን ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ሥራ ፈላጊዋ ዛሬ ካልተቀጠረች የነገ ምሳዋ አጠያያቂ ነው፤ ፋብሪካው አንዲት ሠራተኛ ቢያጣ ግን ማሽኑ ለአንድ ቀን ሥራ ይፈታ ይሆናል እንጂ ባለቤቱ አይራብም። በበሩ ላይ ሌሎች 50 ሰዎች ከቆሙ ደግሞ «አይ፣ አንሷል» ማለት የምትችለው ማን ናት? ስምምነቱ በወረቀት ላይ የሁለት እኩል ሰዎች ስምምነት ነው፣ በኑሮ ላይ ግን አይደለም። ስምንት ሰዓት ሥራ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ሁሉም ለሁለቱ ሰዎች ስምምነት ብቻ እንዳይተዉ በሕግ የተደነገጉት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1886 በቺካጎና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ሥራ አቁመው አደባባይ የወጡት ሠራተኞች የጠየቁት የስምንት ሰዓት ሥራ በወቅቱ እንደ ዕብደት ተቆጥሮ ነበር። ከዚያ ንቅናቄ መሪዎች አራቱ በቀጣዩ ዓመት ተሰቀሉ። ዛሬ በአገራችን አዋጅ ውስጥ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ተብሎ የተጻፈው የዚያ ትግል ውጤት ነው።

በእኛ አገርም ጥያቄው አዲስ አይደለም። የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች የሠራተኛ ማኅበር የሚፈቅድ ሕግ ከመውጣቱ ብዙ ዓመት ቀድመው ተደራጅተዋል። ሕጉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ በዓመቱም፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ ያሉ ማኅበራትን ያሰባሰበው የመጀመሪያው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። ይህ ማኅበር የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው ለአራት ቀናት ያህል ቆየ፤ ፋብሪካውም፣ መጓጓዣውም፣ ብዙው አገልግሎትም ቆመ። ያኔ ለመንግሥት ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል የሠራተኛ ሕጉ እንዲሻሻል፣ ጡረታ እንዲኖርና ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን የሚሉት ይገኙበታል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። የያኔዎቹ አድመኞች የጠየቁት ጡረታ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ሁሉ በሕግ የተዘረጋው በ2003 ዓ.ም. ነው። የደመወዝ ወለሉ ግን ዛሬም ከነጥያቄው ቁጭ ብሏል። እኔ ይህን ታሪክ ሳስብ የሚከነክነኝ፣ ጥያቄውን «የዘመኑ ፋሽን»፣ «ከውጭ የመጣ» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ነው። ጥያቄው አያቶቻችን የጠየቁት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከቀደሙት አዋጆች በአንድ ነገር ይለያል። ከመንግሥት፣ ከአሠሪዎች፣ ከሠራተኛ ማኅበራትና ከሌሎች ባለድርሻዎች የተውጣጣ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። ቦርዱ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገት፣ የሥራ ገበያውንና ሌሎች ሁኔታዎችን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ እንዲመለከት ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ዝርዝር ሥልጣንና ተግባሩን ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ ያቆማል። ጉዳዩ የታሰረው በዚህች መጨረሻ ሐረግ ነው። አዋጁ ራሱ ቁጥር አልያዘም፤ ቁጥሩን የሚወስነውን አካል ይቋቋም አለ፤ አካሉን የሚያቋቁመው ደግሞ ደንብ ነው። አዋጁ ከወጣ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ደንቡ ሳይጸድቅ ቆየ። ስለዚህ «ሕግ የለም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ሕግ አለ፤ የጎደለው ሕጉን ሥራ ላይ የሚያውለው እርምጃ ነው።

በቦርድ የመወሰን አሠራር ራሱ የቆየ ነው። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1896 የደመወዝ ቦርዶችን ያቋቋመችው በልብስ ስፌት፣ በጫማ፣ በዳቦ ቤትና በመሳሰሉት ሥራዎች የነበረውን ብዝበዛ ለማስቆም ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1909 ተከተለች። ሐሳቡ ቀላል ነው። ደመወዝ የሚከፍለውም የሚከፈለውም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ፣ ገለልተኛ ሰዎች ይጨመሩ፣ ጥናት ይቅረብ፣ ከዚያ ይወሰን። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ስምምነት ቁጥሩን ለመወሰን መታየት ያለባቸውን ነገሮች በሁለት ወገን አስቀምጧቸዋል። በአንድ በኩል የሠራተኛውና የቤተሰቡ ፍላጎት፣ የኑሮ ውድነቱና በአገሪቱ ያለው አጠቃላይ የደመወዝ መጠን፤ በሌላ በኩል ምርታማነት፣ የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ዕድል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ግማሹን ነው የሚናገረው።

ሁሉም አገር በሕግ ይወስናል ማለትም አይደለም። ስዊድንና ዴንማርክ በሕግ የተጻፈ ዝቅተኛ ደመወዝ የላቸውም፤ ይህን ጠቅሰው «ታዲያ እኛስ ምን ያስፈልገናል?» የሚሉ አሉ። እዚያ ግን አብዛኛው ሠራተኛ በማኅበርና በአሠሪዎች ማኅበር መካከል በተፈረመ የኅብረት ስምምነት የተሸፈነ ነው፤ ወለሉ ያለው በስምምነቱ ውስጥ ነው። ማኅበር በሌለበት የሕግ ወለልም ከሌለ ሠራተኛው በሁለቱም በኩል ባዶ ነው።

ቁጥሩ ብቻ አይበቃም

በሕዝብ ዘንድ ክርክሩ ሁልጊዜ «ስንት ይሁን?» በሚለው ላይ ይጠመዳል። እኔ ግን ከቁጥሩ ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ደመወዝ ተብሎ የሚቆጠረው ምኑ ነው የሚለው ነው። አዋጁ ደመወዝ ብሎ የሚጠራው ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት ለሠራው ሥራ የሚከፈለውን መደበኛ ክፍያ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንና የመሳሰሉት በደመወዝ ውስጥ አይገቡም። ብዙ ድርጅቶች ታዲያ መነሻ ደመወዙን ዝቅ አድርገው ሌላውን በትራንስፖርት አበል፣ ሳይቀሩ ለመጡበት በሚሰጥ ጉርሻ፣ በምሳ መልክ ይሰጣሉ። በወሩ መጨረሻ እጅ ላይ የሚደርሰው ገንዘብ ያው ይመስላል። ያው ግን አይደለም።

በምሳሌ እንየው። መነሻ ደመወዟ 2,080 ብር፣ ልዩ ልዩ አበሏ 1,040 ብር የሆነ ሠራተኛ አለች እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ስትሠራ ወሩ በአማካይ 208 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ደመወዟ 10 ብር ነው። በአዋጁ መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። 15 ብር ታገኛለች ማለት ነው። አበሉ በደመወዝ ውስጥ ተካቶ ደመወዟ 3,120 ብር ቢሆን ኖሮ የሰዓቱ ክፍያ 15 ብር፣ ትርፍ ሰዓቱ ደግሞ 22 ብር ከ50 ይሆን ነበር። በሕዝብ በዓል ቀን ክፍያው በሁለት ተኩል ሲባዛ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል።

ጡረታውም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ከመነሻ ደመወዝ ላይ ነው። ከ2,080 ብር ላይ አሠሪው በወር 228 ብር ከ80 ያዋጣል፤ ከ3,120 ብር ላይ ግን 343 ብር ከ20። ይህ የመቶ ምናምን ብር ልዩነት ለ25 ወይም ለ30 ዓመት ሲደማመር፣ የጡረታ አበሉም በዚሁ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ሲሰላ፣ ዛሬ ወጣት የሆነችው ሠራተኛ በእርጅናዋ የምትበላውን እንጀራ የሚወስን ይሆናል። የሥራ ስንብት ክፍያም የሚሰላው በደመወዝ ነው። ሕመም ያዛት፣ ወለደች፣ ፈቃድ ወጣች፣ «ለመጣሽበት ቀን» የሚሰጠው ጉርሻ ያኔ ይቀራል። ስለዚህ ደንቡ ሲወጣ ወለሉ የሚቆጠረው በመነሻ ደመወዝ ነው ወይስ አበሉ ተደምሮ ነው የሚለውን በግልጽ ካላስቀመጠ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሆኖም ሠራተኛዋ ምንም ላትጠቀም ትችላለች።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የጥናት ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ሪፖርት የአንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ፣ ይህም ልብስ አምርተው ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፏል። በዚያው ሪፖርት የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር። 26 ዶላር በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 750 ብር ይጠጋል። ያ 750 ብር ሳይነካ ቢቆይ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጡ ሊደረግ ሲል 13 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ከ7 ዶላር ተኩል በታች ወርዷል። ፋብሪካው ሸሚዙን የሚሸጠው በዶላር ነው። ሠራተኛዋ ዘይቱንና ሽንኩርቱን የምትገዛው በየወሩ በሚቀየር ዋጋ ነው። አንዴ ተወስኖ የተቀመጠ ቁጥር እንደ በረዶ ነው፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ያንሳል። በዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ማቆሚያ፣ በሆቴልና በምግብ ቤት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን የሚያውቁት አሠራር አለ። የከተማዋ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በየዓመቱ ሐምሌ ወር ሲገባ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ተያይዞ ይስተካከላል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 17 ዶላር ከ50 የነበረው በ2025 17 ዶላር ከ95 ሆኗል። የፌዴራሉ ወለል ግን እንዲህ ያለ ድንጋጌ ስለሌለው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ላይ ቆሞ ቀርቷል። አንድ አገር ውስጥ ያሉ ሁለት ሕጎች ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው በየጊዜው ይከለስ የሚለው አንቀጽ ነው።

«ባለሀብት ይሸሻል» የሚለው ክርክር

ይህን ክርክር የሚያነሱ ሁሉ ክፉ አሳቢዎች ናቸው አልልም። በሚሊዮን የሚቆጠር ወጣት ሥራ በሚፈልግበት አገር ሥራ የሚፈጥር ድርጅት እንዳይዘጋ መስጋት ተገቢ ነው። ወለሉ ከድርጅቶች አቅም በላይ ተሰቅሎ ቢቀመጥ፣ ትንንሾቹ ወይ ይዘጋሉ ወይ ሠራተኛቸውን ያለ ውል፣ ያለ ጡረታ፣ ከመዝገብ ውጭ ያሠራሉ። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ለዚህም ነው በዘርፍ ወይም በአካባቢ የተለያየ ወለል ማስቀመጥ አንዱ አማራጭ ሆኖ የሚነሳው።

ነገር ግን ርካሽ ጉልበት ባለሀብትን ይዞ ያቆያል የሚለውን እምነት የሐዋሳ ታሪክ ራሱ ይፈትነዋል። በዚያው ሪፖርት መሠረት በፓርኩ ያሉ ፋብሪካዎች በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የመተካት ያህል ሠራተኛ ይለቅባቸው ነበር። ከገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች አንዲት ክፍል ለብዙ ተከራይተው፣ ከደመወዙ ምንም ሳይተርፋቸው ሲቀር ትተው ይሄዳሉ። ፋብሪካው እንደገና ይቀጥራል፣ እንደገና ያሠለጥናል፣ ምርታማነቱ ሳያድግ ይቀራል። ዝቅተኛ ደመወዝ ለአሠሪውም ዋጋ አለው፤ ዋጋው በፔሮሉ ላይ ስለማይታይ ብቻ ነው የሚረሳው። በመጨረሻም የፓርኩ ቀዳሚ ኩባንያ የነበረው የአሜሪካ ልብስ አምራች ፒቪኤች በ2014 ዓ.ም. ሲወጣ፣ አሜሪካም ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገቡበት የንግድ ዕድል፣ ስታስወጣ፣ ምክንያቱ ጦርነት እንጂ የደመወዝ መወደድ አልነበረም። በዓለም ዝቅተኛ የተባለው ደመወዝ የማንንም ሥራ አላዳነም።

ከመንግሥት በኩልም አንድ ነገር መነሳት አለበት፤ ግብር። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ገቢ 600 ብር ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ለመኖሪያ እንኳ የማይበቃን ደመወዝ ግብር እያስከፈሉ አሠሪውን ብቻ «ጨምር» ማለት ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም። ኢሠማኮ የግብሩንና የወለሉን ጥያቄ አያይዞ ማቅረቡ ትክክል ይመስለኛል።

ከወለሉም ውጭ የሚቀሩ

ቦርዱ ነገ ተቀምጦ ቁጥር ቢወስን የማይነካቸው ሰዎች መኖራቸው ሊያሳስበን ይገባል። የቤት ሠራተኞች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በግል አገልግሎት የተቀጠሩትን አይሸፍንም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብሎ ያልፋቸዋል። ይህ ቀጠሮ ከዚህ አዋጅ በፊት በነበረውም ተቀምጦ ነበር። በዚህ መሃል በየቤታችን የምትሠራዋ ልጅ የሥራ ሰዓቷ፣ ዕረፍቷ፣ ደመወዟ በአሠሪዋ ደግነት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነው። በቤይሩትና በሪያድ በእህቶቻችን ላይ ስለሚደርሰው በደል ስንቆጣ፣ ቁጣችን በአገር ቤት ላለችውም መድረስ አለበት።

ሁለተኞቹ በኤጀንሲ የሚቀጠሩት ናቸው። ጥበቃው ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ የሚሠሩት በአንድ ትልቅ ድርጅት ግቢ ነው፤ ውላቸው ግን ከኤጀንሲው ጋር ነው። ድርጅቱ ለኤጀንሲው የሚከፍለውና ሠራተኛው እጅ የሚገባው አንድ አይደለም፤ በመሃል ያለው ልዩነት ምን ያህል መሆን እንዳለበት ወለል በሌለበት የሚወስነው ኤጀንሲው ነው። ደንቡ ይህን በስም ካልጠቀሰው የወለሉ ጥያቄ ለብዙ ሺህ ጥበቃዎች ትርጉም አይኖረውም።

ቁጥጥሩም አለ። ሕጉን ማን ያስፈጽመዋል? የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወደ እያንዳንዱ ወርክሾፕ በየወሩ ሊገባ አይችልም። ፔሮሉን በየወሩ የሚያየው፣ ማን ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያውቀው እዚያው ያለው ሠራተኛ ነው። ብቻውን ከጠየቀ ግን ሥራውን ያጣል ብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ ማኅበር ያስፈልገዋል። ሕጉ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 10 አባላት ካሉ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይደነግጋል። ሠራተኛው ከ10 ባነሰበት ድርጅት ያሉትም ከሌሎች ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ሆነው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የመደራጀትንም፣ ሥራ የማቆምንም መብት ያረጋግጣል። በማኅበር አባልነት ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ በማቅረብ ምክንያት ሠራተኛን ማሰናበት በአዋጁ ሕገ ወጥ ነው።

ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ አሠሪውን ለኅብረት ድርድር መጥራት ይችላል፤ አሠሪውም ቀርቦ በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታ አለበት። የደመወዝ ቦርዱ እስኪቀመጥ ሳይጠበቅ፣ መነሻ ደመወዝ ስንት እንደሚሆን፣ አበሉ ወደ ደመወዝ እንደሚገባና በየዓመቱ እንደሚከለስ በኅብረት ስምምነቱ ላይ ማስፈር የሚከለክል ሕግ የለም።